የራጂ መከላከያ ምንድን ነው? ከአንጸባራቂዎቹ ጋር ይነቀል ወይስ ይተው?

ማርሽ ያለው አዲስ ብስክሌት የገዛ ሰው ከኋላ ጎማው ትልቅ ጥርስ ጀርባ ሰሃን የመሰለ ፕላስቲክ ያገኛል። የራጂ መከላከያ የሚባለው እሱ ነው። ራጂዎቹ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር ወጥረው የያዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ሰሃኑ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ በእነሱ ላይ እንዳይወድቅ፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ማርሽ ቀያሪም ዘንበል ብሎ እንዳይገባባቸው ያግዳል። ሌላ ሥራ የለውም። ባለ አንድ ጥርስ ብስክሌት ስለዚህ ነገር ሊጨነቅ አይገባም።

ብዙ ወጣት ገና ከሱቅ ሳይርቅ የሚነቅለው መልኩን ስለሚጠላው ነው። በመልኩ አልከራከርም፤ ነገር ግን ከመነቀሉ በፊት ምን እንደሚያስቀር ማወቅ ይገባል። ካቴናው በጥርሱና በራጂዎቹ መካከል ሲገባ፣ ፔዳል የሚረግጠው እግር ራሱ እየጎተተ ይሰነቅረዋል። በኋላ ጎማ ላይ የቀኝ በኩል ራጂዎች ከግራዎቹ ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው፤ ካቴናው የሚበላቸው ደግሞ ታጥፈው ከመሃሉ ጋር በሚያያዙበት አንገታቸው ላይ ነው። በዕለቱ ባይበጠሱ እንኳ የተቧጨረው ቦታ እየደከመ ሄዶ ሌላ ቀን አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ማርሽ ቀያሪው ራሱ ከገባ ግን ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል፤ ቀያሪውም ይሰበራል።

ይህ የሚመጣው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ የቀያሪው መገደቢያ ብሎን ልክ አልተስተካከለም፣ ወይ ቀያሪው የተንጠለጠለበት ጆሮ ተጣሟል። ጆሮው የሚጣመመው ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ወይም በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ከጆንያና ከሳጥን ጋር ታስሮ ሲጫን ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ብስክሌቱን በመኪና የሚያስጭን ሰው ሲያወርደው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

መንገዱም ለውጥ ያመጣል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ በሜዳው ለሚመላለስ ሰው ትልቁ ጥርስ ሳይነካ ሊከርም ይችላል፤ ያልተስተካከለ ብሎንም ተደብቆ ይቆያል። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሀረጎን ዳገት ለመውጣት የተነሳ ሰው ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። እዚያ ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ይሄዳል፣ እግር በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል፤ ካቴናው የሚዘለውም ልክ ያኔ ነው።

ስለዚህ ፒንሳ ከማንሳት በፊት ፍተሻ። ብስክሌቱን ገልብጡትና ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ ወደ ትልቁ ጥርስ ቀይሩ። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ ከቀያሪው ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ለትልቁ ጥርስ የቀረበው ከእሱ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አሁን ፔዳሉን እያዞራችሁ ቀያሪውን በአውራ ጣት ወደ ራጂዎቹ ግፉት። ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ለመውደቅ ከሞከረ፣ በቀያሪው ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች «ኤል» የሚል ምልክት ያለበትን በካቻቪቴ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አጥብቁና እንደገና ሞክሩ። በጣም ከጠበቀ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ አይወጣም፤ ያኔ ትንሽ መልሱት። «ኤች» የሚለው ለትንሹ ጥርስ ነው፣ አትንኩት። ከኋላ ሲታይ የቀያሪው ሁለት ትንንሽ ጥርሶች በአንድ መስመር ካልወረዱ ችግሩ ከጆሮው ነው፤ ብሎን ማጥበቅ አያድነውም።

ፍተሻውን ካለፈ ሰሃኑ ቢነቀል ችግር የለውም። ብስክሌቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ የሚከራይ ወይም አዘውትሮ መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ ግን ይተው ባይ ነኝ። የተሰነጠቀ ሰሃን ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲበላው ይደርቃል፣ መያዣዎቹ ይረግፋሉ፤ እየተንኳኳ ይዞራል፣ በክረምት ጭቃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለው ግማሹ እስኪወድቅ አይጠበቅም፣ ይነሳል ወይም በአዲስ ይተካል።

ሲነቀል ጎማው በ15 ቁልፍ ይፈታል። ጥርሶቹ በአንድነት ተጠምዝዘው የገቡ ዓይነት ከሆኑ በጥርስ መፍቻ ወደ ግራ ይፈታሉ። እግር በረገጠ ቁጥር ሲጠብቁ ስለኖሩ በእጅ አይላቀቁም፤ መፍቻው ሞርሳ ላይ ይታሰርና ጎማው ራሱ እንደ መሪ ይዞራል። ሲመለስ በሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ ትንሽ ግሪስ ይቀባል። መፍቻ ከሌለ ሰሃኑን ከጠርዙ እስከ መሃሉ ሁለት ቦታ በመቁረጫ ፒንሳ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ራጂ እንዳይጫር ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ሰሃኑ የብረት ሊሆን ይችላል። እሱ ከጥርሶቹ ጀርባ ተጣብቆ የታሰረ ከሆነ ሲወጣ ጥርሶቹ በውፍረቱ ልክ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ስለዚህ የ«ኤል» ብሎን ፍተሻ ይደገማል።

አንጸባራቂዎቹን ከዚህ ጋር አንድ ላይ መንቀል ስህተት ነው። ውስጣቸው በማዕዘን በተገጣጠሙ ጥቃቅን ገጾች የተሞላ በመሆኑ የመጣባቸውን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳሉ፤ የመኪናው መብራት ተመልሶ ለሾፌሩ ዓይን ይደርሳል ማለት ነው። ባትሪ አይፈልጉም፣ ክብደታቸውም ከቁጥር አይገባም። ከሁሉ የሚጠቅሙት የኋላው ቀይና የፔዳሎቹ ናቸው፤ የፔዳሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ሾፌሩ ሰው መሆኑን ከሩቅ ይለያል። የኋላው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መመልከት አለበት። ወደ ሰማይ ወይም ወደ አስፋልት ካዘነበለ፣ ወይም ጭቃ ከሸፈነው፣ ኖረም አልኖረም አንድ ነው። መብራቷ ለጠፋ ባጃጅም ሆነ ለሀረጎ ጉም ግን አንጸባራቂ አይበቃም፤ እዚያ የራስ መብራት ያስፈልጋል።

ራጂ ላይ የሚታሰረው አንጸባራቂ ከመስቀለኛ መንገድ ከጎን ለሚመጣ መኪና ነው። ጎማውን አንስቶ ሲያሽከረክሩት ትንሽ ያንዘፈዝፈዋል፣ ይህ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ መያዣው ሲላላ ነው፤ ከተንሸራተተ፣ በፊተኛው ጎማ ላይ ከሆነ፣ ከፎርኬታው ጋር ተጋጭቶ ጎማውን ሊያቆምና ነጂውን በመሪው ላይ ሊወረውር ይችላል። የላላ ይጠበቃል፣ የተሰበረ ይነቀላል።

የፊተኛው ነጭ አንጸባራቂ ማሰሪያ ደግሞ አንዳንድ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሁለቱን የፍሬን ክንዶች ከጎማው በላይ አጭር ሽቦ የሚያገናኛቸው ዓይነት ከሆነ፣ ዋናው የፍሬን ሽቦ ሲበጠስ አጭሩ ጎማው ላይ ወድቆ እንዳይዘው የሚያግደው ያ ማሰሪያ ነው። እንዲህ ካለ ብስክሌት ላይ ፕላስቲኩ ቢሰበር እንኳ ብረቱ አይነካ።