«ቦዊ በ1983 ቀለለ» ለሚሉ

ጊታር ከማስተምራቸው ወጣቶች መካከል ስለ ሮክ ታሪክ ጥቂት ያነበበ ሁሉ ስለ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ስለ ዴቪድ ቦዊ አንድ ዓይነት ፍርድ ይዞ ይመጣል፦ በ1970ዎቹ ሊቅ ነበር፤ በ1983 (በፈረንጆች አቆጣጠር) «ሌትስ ዳንስ» የተባለውን የጭፈራ አልበም አወጣና ተራ ዘፋኝ ሆነ። አልበሙን ዳር እስከ ዳር ሰምታችሁታል ወይ ስላቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«ወደ ጭፈራ የዞረው ያን ጊዜ ነው።» አይደለም። በ1975 ያወጣው የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራም ሙዚቃ) አልበም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣለት የመጀመሪያ ዘፈኑ «ፌም» ከዚያ ነው።

«መሣሪያ አልተጫወተበትም።» እውነት ነው፣ አልተጫወተም። ስቲቪ ሬይ ቮን የተባለውን፣ ያን ጊዜ ገና ስሙ ያልወጣ የቴክሳስ ብሉዝ ጊታሪስት መርጦ ያስገባው ግን ማን ሆነና?

«ለገበያ ብሎ ነው።» አዎ። ፕሮዲዩሰሩን (የአልበሙን ቀረጻ የመራውን) ናይል ሮጀርስን ተወዳጅ ዘፈን እንዲያወጣለት ጠይቆታል። ምን ነውር አለው?

ደሜን የሚያፈላው «ለጆሮ የቀለለ ዘፈን ያለ ድካም ይሠራል» የሚለው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ መቀዳቱንም ማስረጃ ያደርጉታል። ቦዊ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን መጀመሪያ ለሮጀርስ ያሰማው ስዊዘርላንድ ውስጥ በአኩስቲክ ጊታር ነበር፤ ሮጀርስ እንደሚያስታውሰው ከጭፈራ ይልቅ ለፎልክ ዘፈን ይቀርብ ነበር። ሮጀርስ ኮርዶቹን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ቀጭኑ ድምፅ አወጣቸው፤ የተንዛዛውን ምት ቆራረጠ፤ በምቶቹ መካከል ባዶ ቦታ ተወ፤ ባዶውን የገደል ማሚቶ በሚፈጥር መሣሪያ ሞላው። እስኪ ይህን እናንተ ሞክሩት! ሆቴል ውስጥ ከሚጫወት ባንድ ጋር ስሠራ ውስብስብ የጃዝ ሥራዎችን በልምምድ እንወጣቸው ነበር፤ ይህን ዘፈን ግን ተውነው። ድራመራችን ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጭፈራው ይሞታል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ ይኸው ነው። ሁለት ኮርድ ብቻ ያዙ፤ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በዝግታ እንዲመታ አድርጉት፤ ኮርዱን እንደመታችሁ የግራ እጃችሁን ጣቶች ከክሩ ሳታነሡ ላላ አድርጓቸው፣ ድምፁ ወዲያው ይቆረጥ። ቀኝ እጃችሁ ግን መወዛወዙን አያቋርጥ። እጃችሁ ሳይቸኩል ግማሽ ሰዓት ከዘለቃችሁ ስለ ቀላል ሙዚቃ እናወራለን።

«ግጥሙ ባዶ ነው» ለሚሉም፦ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከኢጊ ፖፕ ጋር የጻፈውና በ1977 በኢጊ ፖፕ አልበም የወጣው «ቻይና ገርል» እዚህ በጣፋጭ ዜማ ተመልሶ መጥቷል፤ ውስጡ ግን የናዚ ምልክት ራእይ አለ። የመጠሪያው ዘፈን ቪዲዮም አውስትራሊያ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን የሚያሳየው በአገሩ ነባር ሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት ነው።

«ያበላሸው ይህ አልበም ነው» የሚሉት ደግሞ ዓመቱን ስተዋል። የ1984ቱን «ቱናይት»ና የ1987ቱን «ኔቨር ሌት ሚ ዳውን» ጥሩ ሥራ ናቸው ብሎ የሚከራከር ካለ ብቻውን ይከራከር፤ ቦዊ ራሱ እንኳ አልተከራከረላቸውም።