አፕሎድን መገደብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ሱቁ ቁጭ ካልኩ የማይነሳ ወሬ የለም። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ አሪያ2 ነበር። በተን የሌለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ የዳውንሎድ ፕሮግራም ነው። ቶረንትም ያወርዳል፤ ማለትም አንድን ፋይል ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ቁራጭ በቁራጭ ይሰበስባል። ቶረንት ደግሞ እያወረደ ለሌሎችም ይልካል። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው፦ ይህ መላክ፣ ማለትም አፕሎዱ፣ ይገደብ ወይስ አይገደብ?

«እኔ የማወርደው ዳውንሎድ ነው፤ አፕሎዱ ምን አገባው?»

በጣም ያገባዋል። ዳታ ሲደርሰን ኮምፒውተራችን «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ይልካል። መልሱ ከዘገየ ላኪውም ይዘገያል። መልሱ የሚሄደው ደግሞ በአፕሎድ በኩል ነው። የሀረጎን መንገድ አስቡት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል እህል ይጫናል። ኮምቦልቻ ያለው ተቀባይ ደረሰኙን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ወደ ደሴ ይልካል። ዳገቱን ተሳቢ መኪና ከሞላው ሚኒባሱ ከኋላ ይንፏቀቃል። ነጋዴው ደግሞ ደረሰኝ ሳያይ ሌላ አይጭንም። ቁልቁለቱ ባዶ፣ እህሉ ደሴ! ሞደም ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አፕሎዱ ሲሞላ መልሶቹ ወረፋ ይይዛሉ፤ ዳውንሎዱ ይንቀራፈፋል።

«እንግዲያው 0 ልስጠውና ልዝጋው»

ይህን እኔም ሞክሬያለሁ። አሪያ2 ላይ ለአፕሎድ ገደብ 0 ማለት «ገደብ የለም» ነው። ካልነካችሁትም 0 ነው፤ ልቅ ነው። እህቴ ከኮምቦልቻ በቴሌግራም ደውላ «ድምፅህ ይቆራረጣል» ስትለኝ ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የገዛ ላፕቶፔ ኖሯል።

«የአፕሎዱን ገደብ 1 ኪሎባይት ባደርገው ዳውንሎዱ ይፈጥናል»

ቶረንት ላይ ብድር በምድር ነው። ገና እያወረዱ ያሉ ሰዎች የሚያስቀድሙት መልሶ የሚሰጣቸውን ነው። ገድቡት፣ ግን አታንቁት።

«መስመሬ 2 ሜጋ ስለሆነ ገደቡንም 2 ሜጋ እላለሁ»

መስመር የሚሸጠው በቢት ነው፤ አሪያ2 የሚቆጥረው በባይት። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስለዚህ 2 ሜጋቢት አፕሎድ በሰከንድ 250 ኪሎባይት ገደማ ነው። 2 ሜጋ ብላችሁ ከጻፋችሁ ገደቡ ከመስመሩ 8 እጥፍ ይበልጣል። አለ አይባልም። እኔ እንዲህ ላለው መስመር 180 ኪሎባይት ብዬ እጀምርና በቴሌግራም እየደወልኩ ድምፁ እስኪጠራ አስተካክላለሁ።

ደግሞ «ማክስ-አፕሎድ-ሊሚት» (max-upload-limit) የሚለው የአሪያ2 ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ቶረንት ነው። ሦስት ከከፈታችሁ ሦስት እጥፍ ይሄዳል። ሁሉንም ባንድ የሚይዘው «ማክስ-ኦቨርኦል-አፕሎድ-ሊሚት» (max-overall-upload-limit) ነው።

«100% ካለ አለቀለት»

ማውረዱ ነው ያለቀው። አሪያ2 ያወረደውን ያህል መልሶ እስኪልክ ይቀጥላል። በሞባይል ፓኬጅ ለምትጠቀሙ ይሄ ውድ ነው፤ ተኝታችሁ ይበላችኋል። መድኃኒቱ «ሲድ-ታይም»ን (seed-time)፣ ማለትም ማውረዱ ካለቀ በኋላ የሚላክበትን ጊዜ፣ 0 ማድረግ ነው። እዚህ ላይ 0 የምር 0 ነው፤ ፋይሉ እንዳለቀ መላኩን ያቆማል።