1998 ሲሲ እንዴት 3396 ሆነ?

ገላን አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ቆማለች። የራሷ 1290 ሲሲ ሞተር ወጥቶ የሴሊካ ባለ ቱርቦ 1998 ሲሲ ገብቶላታል። ይህ ሞተር የተሠራው በመኪና ውስጥ አግድም እንዲቀመጥ ስለነበር፣ የኋላ ጎማን ከሚያሽከረክረው ካምቢዮ ጋር ለማገናኘት አዲስ መያዣ ተበይዶለታል፤ ብየዳው ገና ቀለም አልነካውም።

ባለቤቱ የጠየቀኝ ብዙዎችን የሚያደናግረውን ነው፦ «ሁለት ሊትር ለማይሞላ ሞተር ውድድር ላይ ለምን ከሦስት ሊትር በላይ ይሉኛል?»

ሲሲ የሲሊንደሮቹን ይዘት እንጂ የሚገባውን አየር አይለካም። ቱርቦ በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ይጠቀጥቃል፤ አየር ሲበዛ የሚቃጠለው ቤንዚንም ይበዛል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የፊያ ሕግ የባለ ቱርቦ ቤንዚን ሞተርን ሲሲ በ1.7 ያባዛል፦ 1998 ሲባዛ 3396.6 ይሆናል፤ ነጥቡ ሲተው 3396። ይህ ቁጥር ለውድድር ምድብ ብቻ ነው፤ ሊብሬ ላይ አይጻፍም።

ማባዣው ድሮ 1.4 ነበር። የጣሊያኑ መኪና አምራች የላንቺያ መሐንዲሶች የራሊ መኪናቸውን የዴልታ ኤስ4ን ሞተር 1759 ሲሲ ያደረጉት ለዚህ ነው፤ ተባዝቶ 2463 ገደማ ስለሚሆን ከ2500 በታች ባለው ምድብ ቀረላቸው፣ መኪናዋም 890 ኪሎ ድረስ መቅለል ተፈቀደላት። እንዲህ ያለ ስሌት በጣም ደስ ይለኛል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል፤ ባለ ቱርቦው ግን አብዛኛውን ያካክሳል። ማባዣው ይህን አይቆጥርም።