የኩንዝ ፎን ደር ሮዘን ሥዕል፦ የሚባለው እና እውነታው

የጀርመኑ አፄ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ አጫዋች የነበረው ኩንዝ፣ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገው ጺማሙ ሰውዬ እጁን ሰይፉ ላይ አድርጎ፣ የጀርመኗ አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ዳንኤል ሆፕፈር የሠራው ኤቺንግ (ብረትን በአሲድ በማስበላት ተሠርቶ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል)፣ ይሄን ሥዕል ለተማሪ ባሳየሁ ቁጥር ያው ወሬ ነው የሚደገመው፣ ሰለቸኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

«አጫዋች ከሆነ ባርኔጣው ላይ የሚንጠለጠለው ቃጭል የታለ?» ኧረ ፊልም ቀንሱ። ኩንዝ አጫዋችም አማካሪም ነበር። በ1488 የብሩዥ (የዛሬዋ ቤልጂየም ከተማ) ሰዎች ማክሲሚሊያንን ሲያስሩት ኩንዝ ሊያስፈታው ውሃውን በዋና ሊሻገር ሞክሮ ስዋኖች (ትልልቅ ነጭ የውሃ ወፎች) አባረሩት ተብሎ ይተረካል። ደፋርም ነበር ማለት ነው።

«ኤቺንግን የፈጠረው ሬምብራንት ነው።» የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት የተወለደው በ1606 ነው፣ ከሆፕፈር በኋላ። ቀጣይ።

«እሺ ዱሬር ነዋ።» የጀርመኑ ሠዓሊ ዱሬር ኤቺንግ የሚጀምረው 1515 ላይ ነው፣ የስዊዙ ሠዓሊ ኡርስ ግራፍ ግን 1513 ብሎ ዓመት የጻፈበት ኤቺንግ አለው። ደሞ ብረትን በአሲድ ማስበላት ጥሩርና ጋሻ የሚያስጌጡ ሰዎች ከነሱ በፊት የሚያውቁት ሙያ ነው፣ ሆፕፈር ራሱ ከዛ ነው የመጣው፣ ስሙ ያለበት የ1536 ጋሻ ማድሪድ አለ።

«በመሮ ፈልፍሎ ነው።» አይደለም! ፕሌቱ (ሥዕሉ የሚሠራበት ዝርግ ብረት) አሲድ የማያሳልፍ ሽፋን ይቀባል፣ ሽፋኑ በመርፌ ይጫራል፣ አሲድ ሲፈስበት የሚበላው የተጫረውን ብቻ ነው። ከዛ ቀለም ይሞላል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት ፕሬስ ውስጥ ያልፋል። እጅ ብረቱን አይታገልም፣ ለዛ ነው መስመሩ እስክሪብቶ የሚመስለው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሥዕሉ የ1510ዎቹ ከሆነ ወረቀቱም የ1510ዎቹ ነው።» በዚህ ስንት ሰው ብሩን በተነ! ፕሌትና ህትመት ለየቅል ናቸው፣ ፕሌቱ እስካለ ድረስ ሠሪው ከሞተ በኋላም ይታተማል። የሆፕፈሮቹ (ዳንኤልና ልጆቹ ሂሮኒመስና ላምበርት) ፕሌቶች ደግሞ ብረት ስለሆኑ ቆይተዋል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዴቪድ ፉንክ የሚባል የኑረምበርግ መጽሐፍ ነጋዴ 230 ያህሉን ሰብስቦ ቁጥር ቀርጾባቸው እንደገና አተማቸው፣ ከዛ በ1802 ፍራንክፈርት ላይ 92ቱ እንደገና ታተሙ። ገበያ ላይ የሚዞረው አብዛኛው የፉንክ ነው።

ፍራንክፈርት የሚኖር ዘመዴ አንድ የሆፕፈር ሥራ ሊገዛ ሲል በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ «ኦሪጅናል የ1500ዎቹ ነው ብሎኛል» አለኝ። ፎቶውን ሳጎላው ታች ጥግ ላይ ቁጥር ቁጭ ብሏል። ቁጥሩን አሳየው አልኩት፣ ሻጩ «እሱ የካታሎግ ቁጥር ነው» ብሎ ድርቅ አለ፣ የካታሎግ ቁጥር በእርሳስ ነው የሚጻፍ እንጂ ከሥዕሉ ጋር አብሮ አይታተም!

እና የምትገዙ ከሆነ ከፍሬም ሳይወጣ ብር አትክፈሉ። መጀመሪያ የፉንክ ቁጥር እንዳለበት ጥጎቹን እዩ። ከዛ ባዶው ቦታ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጉ፣ ብረት ይዝጋል፣ የዛገው ጉድጓድ ቀለም ይይዛል፣ ስለዚህ ነጠብጣቡ የበዛ ህትመት ዘግይቶ የወጣ ነው። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዙት፣ የውሃ ምልክቱ (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀር፣ በብርሃን የሚታይ ምልክት) ወረቀቱ የተሠራበትን ዘመን ይጠቁማል። በማጉያ ስታዩት መስመሩ በተደረደሩ ነጥቦች ከተሠራ ግን የፋብሪካ ኮፒ ነው፣ እዛው ተዉት። ጠርዙ ላይ ፕሌቱ ተጭኖ የተወው ጎድጎድ ያለ አሻራ አለመኖሩ ብቻውን አያስደነግጥ፣ ብዙዎቹ እስከ ሥዕሉ ድረስ ተቆርጠዋል። የፉንኩ ህትመትም ቆሻሻ አይደለም ደሞ፣ በሚገባው ዋጋ ከሆነ ግዙት፣ ዘመዴም በመጨረሻ እንደዛ አስቀንሶ ነው የገዛው።

አንድ ቀረችኝ። ሆፕፈር ሥራዎቹ ላይ በፊርማነት ካስቀመጣቸው ዲ እና ኤች ከሚሉት ፊደሎች መሀል ያለችው ነገር መቅረዝ አይደለችም፣ ድሮ የጻፉ ሰዎች ሳይቀሩ መቅረዝ ብለዋታል። ሆፕ ናት፣ ቢራ ውስጥ የሚገባው፣ የነሱ ጌሾ በሉት፣ የቤተሰቡን ስም ይዞ ነው ያደረጋት።