«ገና ሕፃን ነው፣ ምን ይገባዋል?»

ለልጅ ጮክ ብሎ ስለማንበብ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ልጆቹን ስለሚጎዱ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ለጨቅላ ማንበብ ትርፉ ድካም ነው»

ታሪኩ ላይገባው ይችላል፤ ድምፃችሁን ግን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ጥናት፣ እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሳምንታት አንድ ታሪክ ጮክ ብለው ደጋገሙ። ልጆቹ በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከሌላ ታሪክ ይልቅ ያንኑ መረጡ። ምርጫቸው የታወቀው በአጠባባቸው ነው፤ የለመዱትን ታሪክ ለመስማት ሲሉ የጡጦ ጫፍ የሚጠቡበትን ሁኔታ ይቀይሩ ነበር።

«ያንኑ መጽሐፍ መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው»

የሚሰለቸን እኛን ነው። ልጁ መጀመሪያ ሲሰማ ማን መጣ፣ ማን ሄደ በሚለው ይጠመዳል። ታሪኩን ሲለምደው ነው ጆሮው ለቃላቱ የሚተርፈው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሦስት ዓመት ልጆች ላይ የተሠራ ጥናትም ይህንኑ አሳየ። አዲሶቹን ቃላት ሁሉም እኩል ጊዜ ሰሙ፤ የበለጠ የያዟቸው ግን የተለያዩ ታሪኮችን ሳይሆን ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ናቸው። ደክሟችሁ አንድ ገጽ ዝለሉና እዩ። «እንዴ! ቀበሮዋስ?» ይላችኋል። የታሪኩን ቅደም ተከተል በጭንቅላቱ ይዞታል ማለት ነው።

«ልጁ ዝም ብሎ ያዳምጥ»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ትልቁ ጥቅም ያለው በመሀል በሚመጣው ወሬ ውስጥ ነውና። ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ «ውሻ!» ሲል ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። «አዎ፣ ጥቁር ውሻ። ምን ፈልጎ ይመስልሃል?» በሉት፤ መልሱንም ጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪዎች ወላጆችን እንዲህ መጠየቅና የልጁን መልስ ማስፋት አስተማሩ። በአንድ ወር ውስጥ ልጆቹ እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው እኩዮቻቸው በንግግር ቀደሙ።

«ስልኩ ይተርክለት የለ?»

ስልኩ ልጁ ጣቱን ሲቀስር ቆም ብሎ አይጠብቀውም።

«በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ካልሆነ አይጠቅመውም»

አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ አንብቡለት። ጥያቄውም ጨዋታውም የሚቀናችሁ በሱ ነው።

«ፊደል ከቆጠረ ራሱ ያንብብ»

ጀማሪ አንባቢ ሙሉ ጉልበቱን የሚጨርሰው ፊደል በመለየት ላይ ነው። በጆሮው ግን ከዚያ እጅግ የከበደ ታሪክ ይከተላል። «ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ» በሚለው የየዕለት ንግግራችን ውስጥ የማይገኙ ቃላት የሚደርሱት በዚህ ነው። እሱ አንድ ገጽ ያንብብላችሁ፤ ቀጣዩን እናንተ አንብቡለት።