የጣና ውሃ ከፍታ በጎጃም ዳርቻ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ በ1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳርቻው የጎጃም ነው። ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ እጅግ ያንሳል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም። የውሃው ከፍታ መለዋወጥ ከዚህ ጠባዩ ጋር የተያያዘ ነው።

በውቅያኖስ ዳር በጠባብ አፍ ከባሕር ጋር በተገናኙ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች፣ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ያስነሣው ሙላት በአፉ በኩል ይገባል፤ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ጉልበቱ እየደከመ፣ ሰዓቱም እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ከአፉ በራቀው ክፍል ከፍታውን በአብዛኛው የሚያዛባው ነፋስ ነው። ጣና ከባሕር ጋር ስለማይገናኝ፣ የራሱ ስፋትም በስበት ብቻ ጎልቶ የሚታይ ሙላት ለማስነሣት ስለማይበቃ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ለሚታየው መዋዠቅ ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለችው ከጎርጎራ በኩል የሚነሣ ነፋስ ሳያቋርጥ ሲነፍስ ውሃው በደቡብ ወዳለችው ባሕር ዳር ከተማ ይከማቻል፣ በጎርጎራም ይጎድላል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ለሰዓታት ቢቆይ፣ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት እንደሚፈጥር በስሌት መገመት ይቻላል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ዳርቻው ለጥ ባለበት ስፍራ ግን ውሃው ብዙ ሜትር ወደ የብስ ይገሰግሳል፣ ጠዋት ጭቃ ላይ የተጎተተ የደንገል ታንኳም ከሰዓት በኋላ ውሃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ነፋሱ ሲቆም የተከማቸው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ለመመለስም ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የተነበበ ልክ የመላው ሐይቅ ከፍታ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የወቅቱ ለውጥ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባር ወንዞች በክረምት ሐይቁን ይሞሉታል፤ ከፍታው በመስከረምና በጥቅምት ጫፍ ደርሶ እስከ ሰኔ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል። ውሃው የለቀቀውን ባሕር ሸሽ መሬት ገበሬው ተከትሎ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት ለውጦታል። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁን በሰኔ ወር ክፉኛ ስላጎደሉት፣ የጀልባ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ውሃ ከምዕራባዊው ዳርቻ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወርድ፣ ሐይቁ ዛሬ ሰው የሚቆጣጠራቸው ሁለት መውጫዎች አሉት።