ውስጣዊና ቤተሰባዊ ግጭት በወጣቶች ልብ ወለድ

የወጣቶች ልብ ወለድ የሚባለው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባብያን ታስቦ የሚጻፍ፣ ዓቢይ ገጸ ባሕርዩም በዚያው ዕድሜ ላይ ያለ የትረካ ዘርፍ ነው። ታሪኩ የፍቅርም ይሁን የወንጀል፣ የምናባዊ ዓለምም ይሁን የትምህርት ቤት ውሎ፣ የዘርፉ ሥራዎች ከሞላ ጎደል ሁለት ግጭቶችን ይሸከማሉ። አንደኛው ልጁ ከራሱ ጋር፣ ሁለተኛው ከቤተሰቡ ጋር የሚገጥመው ነው። ይህ ዳሰሳ የሁለቱን አመጣጥ፣ አሠራርና ብልሽት ይመለከታል። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

እነዚህን ግጭቶች በአዋቂ ልብ ወለድ ካሉት የሚለያቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መሄጃ ማጣት ነው። ከትዳር ጓደኛው የተጣላ ጎልማሳ ሻንጣውን ሸክፎ ሊወጣ ይችላል። ማታ ከአባቷ ጋር የተጣላች የ16 ዓመት ልጅ ግን ጠዋት የምትነቃው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ቁርስ የሚያቀርብላት፣ የትምህርት ቤት ወረቀቷን የሚፈርምላት ያው የተጣላችው ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ጠብ አንድ ጊዜ ፈንድቶ አያልቅም፤ በማግስቱ አብረውት ይውላሉ። ዘርፉን «የልጆች ንዴት» እያሉ የሚያቃልሉ ሐያስያን ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህንን ነው።

አመጣጥ

የአንድን ወጣት አእምሯዊ ዕድገት የሚከተለው የረጅም ልብ ወለድ ዓይነት በጀርመን ሥነ ጽሑፍ «ቢልዱንግስሮማን» ተብሎ ይታወቃል፤ አብነቱም ከ1795 እስከ 1796 የታተመው የጀርመናዊው ደራሲ የጎተ ሥራ ነው። በ1904 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ሆል ጉርምስናን «የማዕበልና የውጥረት» ዘመን ብሎ የገለጸበትን ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። በ1942 የታተመው የሞሪን ዴሊ «ሰቨንቲንዝ ሰመር» እና በ1951 የወጣው የሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ለአዋቂ ገበያ ቢታተሙም ወጣቶች የራሳቸው አደረጓቸው።

ዘርፉ በእግሩ የቆመው ግን በ1967 ነው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይነሣም። በዚያ ዓመት የታተመውን «ዘ አውትሳይደርስ» ኤስ. ኢ. ሂንተን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ሲሆን፣ መጽሐፉ ሲወጣ 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በቡድን ጠብ ቢታወቅም አከርካሪው የቤት ጉዳይ ነው። ወላጆቻቸው በመኪና አደጋ የሞቱባቸው ሦስት ወንድማማቾች አብረው ይኖራሉ። የ20 ዓመቱ ዳሪ የራሱን ተስፋ ትቶ በጉልበት ሥራ ቤቱን ያስተዳድራል፤ የ14 ዓመቱ ተራኪ ፖኒቦይ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ እንደሚጠላው እርግጠኛ ነው። አንድ ሌሊት አምሽቶ ሲገባ ዳሪ በጥፊ ይመታዋል፤ ልጁ ሮጦ ይወጣል፤ የመጽሐፉ አደጋ ሁሉ ከዚያች ጥፊ በኋላ ይመጣል። ከበስተጀርባ ያለው ስጋት ደግሞ ልብን የሚያደማ ዓይነት ነው፤ ጥፋት ከተገኘባቸው መንግሥት ይለያያቸዋል። እንዲህ ሲሆን የዳሪ ቁጣ ከጭካኔ ሳይሆን ከፍርሃት እንደሚመነጭ አንባቢው ከተራኪው ቀድሞ ይረዳል። ወደ መጨረሻው ላይ መካከለኛው ወንድም ሶዳፖፕ በሁለቱ መሃል መጎተቱ ሲበዛበት ራሱ ከቤት ሮጦ ይወጣል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሦስተኛውን መሃል የማስገባት ልማድ በቤተሰብ ሥነ ልቦና «ሦስት ማዕዘን» ይባላል። የሂንተን ሥራ ይህን ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያሳያል።

በ1970ዎቹ የፍቺ፣ የሱስና የሞት ርዕሶች ተበራከቱ። በ1972 የወጣው የጁዲ ብሉም የፍቺ ታሪክ ዓቢይ ገጸ ባሕርይ ወላጆቿን ለማስታረቅ የምታደርገው ሙከራ ሁሉ እንዲከሽፍ ማድረጉ በጊዜው ደፋር ምርጫ ነበር። በ1974 የሮበርት ኮርሚየር «ዘ ቸኮሌት ዎር» ልጁ ተሸንፎ የሚያበቃ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ አሳታሚዎች መጨረሻውን እንዲለውጥ ቢጠይቁትም ደራሲው እምቢ ብሏል። 1980ዎቹ በተከታታይ መጻሕፍት የተሞሉ ነበሩ። ማይክል ፕሪንትዝ የተባለው የአሜሪካ የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት በ2000 ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ፣ በፊልም ጽሑፍ ቅርጽ የተጻፈው የዋልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር» ሆነ።

የሥነ ልቦናው መሠረት

አብዛኛው የዘርፉ አርታኢ አውቆም ይሁን ሳያውቅ የሚመራው በሥነ ልቦና ሊቁ በኤሪክ ኤሪክሰን ሐሳብ ነው። ኤሪክሰን በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ፣ የጉርምስናውን አምስተኛ ደረጃ «ማንነት» ከ«ሚና መደናገር» ጋር የሚታገልበት ብሎታል። ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ማርሺያ በ1966 ይህንን በአራት ሁኔታዎች ዘረዘረው፤ ያልመረመረና ያልወሰነ፣ ሳይመረምር የወሰነ፣ እየመረመረ ያለ፣ መርምሮ የወሰነ። ለደራሲ እጅግ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ቤተሰቡ የመረጠለትን መንገድ ሳይመረምር የተቀበለ፣ የሚታዘዝና የሚመሰገን ልጅ ገና ያልፈነዳ ግጭት ይዞ ይዞራል፤ ታሪኩን ለማስነሣት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ጉርምስና በባሕርይው ማዕበል ነው የሚለው የሆል አባባል ግን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል፤ ብዙ ወጣቶች ያን ዕድሜ ያለ ከባድ ቀውስ እንደሚያልፉ ዛሬ በስፋት ይታመናል። ስለዚህ ገጸ ባሕርይው «ጎረምሳ ስለሆነ» ብቻ መቆጣቱ በቂ ምክንያት አይሆንም።

የግጭቱ ክፍሎች

የሚሠራ ውስጣዊ ግጭት ሁለት እውነተኛ ፍላጎቶች አሉት። ደግና ክፉ ሐሳብ ተፋጠው ከቆሙ አንባቢው መልሱን ከመጀመሪያው ስለሚያውቀው ግጭት የለም። በ2011 የታተመው የፓትሪክ ኔስ «ኤ ሞንስተር ኮልስ» የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እናቱ በጠና የታመመችበት የ13 ዓመት ልጅ እንድትድን ከልቡ ይፈልጋል፤ የመጠበቁ ሥቃይ እንዲያበቃም ይፈልጋል። ሁለተኛውን ፍላጎት ለራሱ እንኳ መናገር አይችልም። መጽሐፉ የሚገሰግሰው ወደዚያ ንግግር ነው።

ከፍላጎቶቹ ሥር የተሳሳተ እምነት ይቀመጣል። ይህን እምነት ረቂቁ ሳይጀመር በልጁ አፍ፣ ከ15 ቃላት ባልበለጠ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የተለመደ መነሻ ነው፤ ለምሳሌ «እኔ ባልወለድ ኖሮ እናቴ ትምህርቷን ትጨርስ ነበር»። እምነቱ ከሰማይ መውረድ የለበትም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ምናልባት ደክሞት ወይም ሳያስበው የተናገረው ቃል ሊኖር ይገባል። ያ ቃል በምልሰት፣ ማለትም ትረካው ወደ ኋላ ተመልሶ በሚያሳየው ትዕይንት፣ የሚመጣ ከሆነ ከመጀመሪያው ሩብ ባይዘገይ ይመረጣል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ንግር (ቅድመ ጥቆማ) ሳይደረግለት የመጣ ሰበብ ይመስላል። ውስጣዊውና ቤተሰባዊው ግጭት የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ ከእናቷ ጋር በተጣላች ቁጥር ለእምነቷ አዲስ ማስረጃ ታገኛለች።

በቤተሰቡ በኩል ሁለት ወረቀቶች ይዘጋጃሉ። አንደኛው የቤቱ ንድፍ ነው፤ ማን የት ይተኛል፣ የትኛው ግድግዳ ድምፅ ያሳልፋል፣ ማንን ሳያልፉ መውጣት አይቻልም። በሁለት ግድግዳ አልፎ የሚሰማ ሹክሹክታ የብዙ ረቂቅ ኃጢአት ነው። ሁለተኛው የምሥጢር ሰንጠረዥ ነው። በቁመቱ ምዕራፎች፣ በአግድሙ የቤተሰቡ አባላት ይሰፍራሉ፤ በየሳጥኑም ያ ሰው በዚያ ምዕራፍ መጨረሻ የሚያውቀው ይጻፋል። ይህ ሰንጠረዥ ሳይኖር ሲጻፍ አባት በ6ኛው ምዕራፍ የሰማውን በ11ኛው እንደ አዲስ ሲደነግጥበት ይገኛል።

የጠብ ትዕይንት

ከ50,000 እስከ 80,000 ቃላት በሚሆን እውነታዊ ልብ ወለድ ሦስት ትልልቅ የቤት ጠቦች በቂ ናቸው፤ አንዱ በመጀመሪያው ሩብ፣ አንዱ በመሃል፣ አንዱ ከጡዘቱ (ግጭቱ ከሚከርርበት ጫፍ) በፊት ወይም በራሱ በጡዘቱ። ከዚያ ከበዛ አንባቢው ጩኸቱን ይለምደዋል። እያንዳንዱ ከ800 እስከ 1,500 ቃላት ቢወስድ ይመጥናል።

ጠቡ በትንሽ ነገር ይጀመራል፤ ባልታጠበ ሳህን፣ በ20 ደቂቃ መዘግየት፣ በተቆለፈ ስልክ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምልልስ ላይ አንዱ ወገን ከሥር ያለውን ጉዳይ ይነካል፤ ሌላው ይሸሻል። ከዚያ የድሮ ሂሳብ ይመዘዛል፤ ማንም ይቅር ያላለው፣ ተረሳ የተባለ ነገር። ተመልሶ የማይዋጠው ቃል የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከሦስት እስከ ስምንት ቃላት ቢሆን ይበረታል። ቀደም ብሎ ከወጣ ቀሪው ትዕይንት ቁልቁል ይወርዳል። ከቃሉ በኋላ ማብራሪያ አይጻፍም። ከክፍሉ ማን ቀድሞ እንደወጣና የቀረው ሰው እጁ ምን ላይ እንዳረፈ ይበቃል።

ጀማሪ የሚዘለው ማግስቱን ነው። ኩርፊያ ከጩኸት ይልቅ ለመጻፍ ከባድ፣ ለማንበብም የሚጣፍጥ ነው፤ ጨው አቀብለኝ ማለት አቅቶት ተነሥቶ የሚሄድ ልጅ፣ መልእክቱን በታናሽ እህት የሚልክ አባት። በ1999 የታተመው የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ስፒክ» ይህን አንድ እርምጃ ወደፊት ወስዶታል፤ ዝም ያለችው ተራኪና ወላጆቿ በአንድ ቤት እየኖሩ ማእድ ቤት ውስጥ በሚተዉት ማስታወሻ ይነጋገራሉ።

አንጻር

አንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ የሚተርከው፣ በዘርፉ የበላይነት አለው፤ ለውስጣዊ ግጭት በእርግጥ ቅርብ ነው። ግን ወጥመድ አለበት፤ ተራኪው ስሜቱን ሁሉ የሚያውቅና የሚሰይም ይሆናል። ያዘነ ልጅ «አዘንኩ» ከማለት ይልቅ ጫማውን ደጋግሞ ማሰሩን ቢነግረን ይሻላል። በጠብ መሃል በሁለት ምልልሶች መካከል የሚገባ ሐሳብ ከሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከበለጠ አንባቢው የተጠየቀውን ጥያቄ ይረሳል። ጠቃሚው ዘዴ ልጁ ያልመለሰውን መልስ ጽፎ፣ ከሥሩ በእርግጥ በአፉ የተናገረውን ማስቀመጥ ነው። በአሁን ጊዜ ግሥ የሚተርክ ልጅ ነገ የሚማረውን ዛሬ አያውቅም፤ በኃላፊ ጊዜ የሚተርክ ደግሞ ከሁነቱ ምን ያህል እንደራቀ፣ ሳምንት ይሁን ዓመት፣ ደራሲው መወሰን አለበት።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

በጣም የተለመደው ወላጆችን ከመንገድ ማስወገድ ነው፤ ሞተዋል፣ ሥራ ላይ ናቸው፣ ሰክረዋል። ጀብዱውን ያቀልላል፤ ቤተሰባዊ ግጭቱን ግን ባዶ ያደርገዋል። ተቃራኒው ስሕተት ክፉ ወላጅ ነው። መድኃኒቱ እናት ወይም አባት ከልጁ ሌላ የሚያስፈራው አንድ ነገር፣ ትክክል የሆነበትም ቢያንስ አንድ ጉዳይ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ከጠቡ ላይ ስሞቹን አጥፍቶ ማንበብ ይህን ያጋልጣል፤ የወላጁ ወገን አንድም ጊዜ ካላሳመነ ትዕይንቱ አልደረሰም።

ሦስተኛው፣ በቅርብ ጊዜ ሥራዎች የበዛው፣ ሁሉም ሰው እንደ አማካሪ ባለሙያ መናገሩ ነው። የ15 ዓመት ልጅ በንዴት መሃል ስለ «ስሜታዊ ድንበሬ» በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ግጭቱ እዚያው ሞቷል። ወንድምና እህት ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ የሚጠፉበት፣ አያት ምክር ሰጥታ ለመሞት ብቻ የምትመጣበት ረቂቅም ጥቂት አይደለም።

አጨራረስ

ወላጅና ልጅ ተቃቅፈው የሚያለቅሱበት ፍጻሜ የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው። የተሻለው መለኪያ በመካከላቸው ያለው ሚዛን መለወጡ ነው፤ ልጁ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያልቻለውን አንድ ነገር በመጨረሻው መቻል አለበት፤ መጠየቅ፣ እምቢ ማለት ወይም ወላጁን እንደ አንድ ደካማ ሰው ማየት። ወላጁ ግን ምንም ላይለወጥ ይችላል። በ«ሞንስተር» ፍጻሜ ተከስሶ የነበረው ልጅ ከእስር ነጻ ሲወጣ አባቱ ከቤት ርቆ ሄዷል፤ በመካከላቸው የገባው ጥርጣሬ በፍርድ ቤት ውሳኔ አልተነሣም።

ድብደባ ወይም ጥቃት ባለበት ቤት ዕርቅን እንደ ድል ማቅረብ ስሕተት ነው፤ በዚህ ላይ መወላወል አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ታሪክ ወደ ደኅንነት ነው መድረስ ያለበት። የወጣቶች መጽሐፍ ሁሉ በተስፋ መዝጋት አለበት ወይ የሚለው ግን ከኮርሚየር ወዲህ ያልተዘጋ ክርክር ነው። አንዳንዶች ለወጣት አንባቢ ተስፋ መንፈግ ኃላፊነት መጉደል ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ውሸት የሆነ ተስፋ ይበልጥ ይጎዳል ባይ ናቸው።

አርታኢዎች በተግባር የሚያደርጉት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የገበታ ትዕይንት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው። ወንበሮቹ፣ ሰዎቹ፣ ምናልባትም ምግቡ ያው ሊሆን ይችላል። ጨው የሚጠይቀው ሰውና የሚጠይቅበት ቃል ግን መለወጥ አለበት።